የማመልከቻ ጽሑፍን የሚያፋጥኑ አቋራጭ ቁልፎች እንዴት ይዘጋጃሉ?

በአቃቂ ቃሊቲ ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ሲጻፍ ከባለጉዳዩ ስም ቀጥሎ አድራሻው መግባቱ አይቀርም። «አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ» የሚሉት አራት ቃላት በድምፅ ላይ በተመሠረተው የአማርኛ አጻጻፍ ክፍተቶቹን ጨምሮ 24 ጊዜ ቁልፍ መምታትን ይጠይቃሉ። በቀን በርካታ ማመልከቻ ለሚያዘጋጅ ጸሐፊ ድካም፣ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ተራ ለሚጠብቅ አርሶ አደር ደግሞ የሰዓት ብክነት ነው።

ምክንያቱ የፊደላችን ብዛት ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲቆጠሩ 231 ሆሄያት ይሆናሉ፤ የተለመደው የቁልፍ ገበታ ግን 26 የላቲን ፊደላት ብቻ አሉት። ስለዚህም አንዱን ሆሄ ለማውጣት ቁልፎች ይከታተላሉ። በእንግሊዝኛ አጠራራቸው «ኤል» ሲመታ «ል» ይወጣል፤ «ኢ» ሲከተለው ወደ «ለ»፣ «ኤ» ሲከተለው ወደ «ላ» ይለወጣል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ቁልፍ እያጣመረ የሚሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ይኸው ልማድ ለሙሉ ሐረግም ያገለግላል። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሰራጨው ኢማክስ የተባለው ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ የግእዝ ፊደል መጻፊያ ከነጥቅሉ የያዘ ሲሆን፣ ተጠቃሚው የራሱን አቋራጭ እንዲሠራም ይፈቅዳል። በፕሮግራሙ ደንብ መሠረት ኮንትሮልና «ሲ» አብረው ተመተው አንድ ፊደል የሚከተላቸው አቋራጮች ለተጠቃሚው የተተዉ ናቸው። የአማርኛው መጻፊያ ክፍት ቢሆንም ከኮንትሮልና «ሲ» በኋላ የሚመታው ፊደል ወደ ግእዝ አይለወጥም፤ አቋራጩ እንደተመደበ ይሠራል።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ። ጸሐፊው ከኮንትሮልና «ሲ» ቀጥሎ «ኬ» ሲመታ የክፍለ ከተማው ስም እንዲወጣ አደረገ እንበል። ቆይቶ ከ«ኬ» በኋላ «ደብልዩ» ጨምሮ «ወረዳ» የሚለውን ሊመድብ ቢሞክር ፕሮግራሙ አይቀበለውም። «ኬ» ራሱ የተሟላ ትእዛዝ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ቀጣዩን ቁልፍ አይጠብቅም። ቤት የሆነውን በር ማድረግ አይቻልም እንደማለት ነው። መፍትሔው የመጀመሪያውን ምደባ ሰርዞ «ኬ»ን በር ብቻ ማድረግ ነው፦ «ኬ» ሁለት ጊዜ ሲመታ ክፍለ ከተማው፣ «ኬ» እና «ደብልዩ» ሲመቱ ወረዳው ይወጣል። 24ቱ ምት ወደ ሦስት ይወርዳል። ምደባው በፕሮግራሙ የማስተካከያ ፋይል ካልተጻፈ ግን ኢማክስ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል።

ፍጥነቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በአቋራጩ ውስጥ የገባ የፊደል ስሕተት በሚቀጥለው ማመልከቻ ሁሉ ይደገማል። ከሁሉም በላይ የሰው ስም በአቋራጭ ባይጻፍ ይመረጣል። «ሐ» እና «ሀ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በ«ሐ» የተመዘገበ ስም በ«ሀ» ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ባለጉዳዩ ከጸሐፊው ፊት ሳይነሣ መታወቂያውን ከታተመው ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል ቢያስተያይ፣ ለአንዲት ሆሄ ሲባል ዳግም ከመመላለስ ይድናል።