ሕመሙ የጠፋ ጥርስ ሁሉ የዳነ አይደለም

«ጃፓኖች ጥርስ የሚያበቅል መድኃኒት ሠሩ፤ ማስሞላትም ማስነቀልም ሊቀር ነው» የሚለው ወሬ ከስልክ ስልክ ተሻግሮ እኛው ዘንድ፣ ተበላና ሶዶ ከተማም ደርሷል። ጥርሱ የሚጠዘጥዘውን ሰው «እስኪመጣ ልታገስ» እያሰኘው ስለሆነ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኪዮቶ ላይ የተጀመረው ሙከራ የመድኃኒቱን ደኅንነት በጥቂት ጎልማሶች ላይ የሚፈትሽ ነው። የታለመውም ጥርስ በሌለበት ቦታ አዲስ እንዲበቅል ነው እንጂ የተቦረቦረው እንዲጠገን አይደለም።

ጠጋኙ ያለው እዚያው የታመመው ጥርስ ውስጥ ነው። አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ስኳርን ወደ አሲድ እንደሚለውጥ፣ አሲዱም ጉድጓድ እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል፤ በጭስ ይወጣል የሚባል የጥርስ ትል የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ከጉድጓዱ ሥር ያለውን ነው። ከጠንካራው ሽፋን በታች ዴንቲን፣ ከዴንቲኑ መሐል ደግሞ የደም ሥርና ነርቭ የሞላበት ለስላሳ አካል አለ፤ ሐኪሞች ፐልፕ ይሉታል። ዴንቲን በዓይን በማይታዩ፣ ፈሳሽ በያዙ ቱቦዎች የተበሳሳ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ነርቩን ይነዝረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ዴንቲንን የሚሠሩት ሕዋሳት ራሳቸው ቅዝቃዜን የሚለዩበት በር እንዳላቸው በአይጦች ላይ አሳይቷል። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል ይህን በር ይዘጋል። እናቶቻችን ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ መያዛቸው ምክንያት አለው ማለት ነው፤ ቅርንፉድ ግን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጉድጓዱን አይደፍንም።

እጅ ሲቆስል ያብጣል፤ ፐልፕ ግን ዙሪያው ግድግዳ ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ደም የሚያገኘውም በአብዛኛው በሥሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሲቆጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሌሊት ጋደም ሲሉ የሚብሰውም ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚበረታ ነው። ቀድሞ ግፊቱ መላውን ፐልፕ ባንዴ አንቆ ይገድለዋል ይባል ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ጉዳቱ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እንደሚዛመት ነው። የመዳን ዕድሉም እዚህ ጋ ነው፤ ጥጉ ሲሞት የቀረው ክፍል ገና በሕይወት አለ።

ያ ሕያው ክፍል ሥራ አይፈታም። አሲድ ዴንቲኑን ሲያሟሟው ከውስጡ የዕድገት መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ፤ ሕዋሳቱም ነቅተው አዲስ ዴንቲን እንደ አጥር ያበጃሉ። ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በመጣው የካልሲየም ሲሊኬት ሲሚንቶ ሲሸፍነው አጥሩ የሚሠራበትን ፋታ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለአልዛይመር ሕመም ሲሞከር በነበረው ቲዴግሉሲብ በተባለ መድኃኒት ስፖንጅ ነክረው አይጥ ጥርስ ውስጥ ቢያስገቡ፣ ስፖንጁ እየሟሟ ቦታው በዴንቲን ተተካ። የአይጥ ጉድጓድ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ በሰው ጥርስ ያው ይሆናል ብሎ መማል አይቻልም። በጣም የተቆጣ ፐልፕስ የላይኛው ክፍሉ ብቻ ተወግዶ ሥሩ ይተርፋል ወይ? አበረታች ውጤት አለ፤ ለሁሉም ጥርስ ይሠራል የሚል ሐኪም ግን አላምንም።

ለቀናት ሲጠዘጥዝ የከረመ ጥርስ ያለ ሕክምና ድንገት ዝም ካለ ፐልፑ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ወደ መንጋጋ አጥንት ይወርዳል፤ የቀረው ምርጫም የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ነው። ስለዚህ ጥርሳችሁ ቀዝቃዛ ሲነካው ገና ነዘር ማድረግ ሲጀምር ታዩ። ፊታችሁ አብጦ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካስቸገራችሁ ግን ነገን አትጠብቁ፤ ተበላ ከሶዶ ሩቅ አይደለም፣ በዚያው ሌሊት ሶዶ ወዳለው ኦቶና ሆስፒታል ሂዱ።