ቤት ሲጠብ ጓዳው የት ይግባ?

የቤት ኪራይ ሲከብድ አብዛኛው ቤተሰብ የሚወስደው እርምጃ ጠበብ ወዳለ ቤት መዛወር ነው። ዲላ ውስጥ ሦስት ክፍልና የራሱ ማድ ቤት የነበረውን ቤት ለቆ፣ በአንድ ግቢ ጓሮ ከተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ወይም ሁለቱን የሚከራይ አባወራ ሂሳቡን የሚሠራው በኪራዩ ልዩነት ነው። በወር ይህን ያህል ይተርፈኛል ብሎ ይፈርማል። ሂሳቡ ግን ጎደሎ ነው። ቤት ሲጠብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ጓዳው ስለሆነ፣ ከኪራይ የተረፈው ብር ቀስ በቀስ በችርቻሮ ሱቅ በኩል ይወጣል።

እህል በአገራችን ረከስ የሚለው የመኸር ምርት ገበያ በሚገባበት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ማስቀመጫ ያለው ቤተሰብ በጥር ሁለት ሦስት ኩንታል ያስገባል። ማስቀመጫ የሌለው በነሐሴም አምስት አምስት ኪሎ እየገዛ የወቅቱን ጭማሪ ከቸርቻሪው ትርፍ ጋር ደርቦ ይከፍላል። ለምሳሌ በወር 60 ኪሎ እህል የሚጨርስ ቤተሰብ እንውሰድ። በጥር ወር የኩንታል ዋጋና በክረምቱ የኪሎ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በኪሎ 10 ብር ብቻ ነው ብንል፣ የስድስት ወሩ ቀለብ 360 ኪሎ ስለሆነ ልዩነቱ 3,600 ብር ይደርሳል። ይህ እህሉ ብቻ ነው። ከሰሉ በማዳበሪያ መሆኑ ቀርቶ በፌስታል፣ ዘይቱ በጀሪካን መሆኑ ቀርቶ በትንሽ ጠርሙስ ይሆናል። ሽንኩርቱም በርበሬውም እንዲሁ። ገቢው ያነሰ ቤተሰብ ለአንድ ኪሎ ከባለ ሰፊ ቤቱ የበለጠ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጌዴኦ ላይ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰው ተቆጥሯል፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯል፣ መሬቱ ግን ያው ነው። አባት ለልጆቹ ባካፈለ ቁጥር የእያንዳንዱ ይዞታ አንሷል። ያም ሆኖ የጌዴኦ ገበሬ በትንሽ ጎጆ ብዙ ልጆች ሊያሳድግ የቻለው ዋናው ጎተራው ከቤቱ ውጭ ስለነበረ ነው። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን እንደ እህል በወቅቱ ካልታጨደ የሚረግፍ ነገር የለውም። ቆሞ ይጠብቃል። ሲፈለግ ተቆርጦ ሴቶች ግንዱን ይፍቃሉ፣ ሥሩን ይደቁሳሉ፤ ከዚያ በኮባ በተነጠፈ ጉድጓድ ከትተው፣ ላዩንም በኮባ ሸፍነው ድንጋይ ይጭኑበታል። እዚያው ይብላላል። ጉድጓዱ በየጊዜው እየተከፈተ ያረጀው ኮባ በአዲስ ይቀየራል፤ በአግባቡ የተያዘ ቆጮ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። መስከረም 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስለ ዛፉ፣ ስለ ቡናውና ስለ እንሰቱ አብሮ ማደግ ብዙ ተነግሯል። ለቤተሰብ ኢኮኖሚ ግን ያ ደን የመሰለ ጓሮ፣ ከምንም በፊት፣ ኪራይ የማይከፈልበት የቀለብ መጋዘን ነው።

ስለዚህ ከወናጎ ወይም ከቡሌ ተነሥቶ ልጆቹን ለማስተማር ዲላ አንድ ክፍል የተከራየ ቤተሰብ ያጣውን በካሬ ሜትር ብቻ መለካት ያሳስታል። ያጣው ጉድጓዱንና ጓሮውን ነው። አዲሱ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ አለ፤ ከመጋረጃው ማዶ የልጆች ፍራሽ፣ በሩ አጠገብ ቡታጋዝ፣ ጥግ ላይ የውሃ ጀሪካኖች። አልጋው ሥር አንድ ማዳበሪያ ቢገባ ነው። ከገጠር ዘመድ ቆጮ አስጭኖ ሲመጣ ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ የት ይቀመጥ የሚለው ጭንቅ ወዲያው ይከተላል። ሳይበላሽ ለጎረቤት ይታደላል። ማካፈሉ ደግ ነው፤ የቀጣዩ ወር ቀለብ ግን ከገበያ ይገዛል።

ቡናውም ከዚህ የተለየ አይደለም። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መሸጥ ስላለበት ለድርድር ጊዜ አይሰጥም። አድርቆ ጀንፈል ያስቀመጠ ግን ገንዘብ በሚያስፈልገው ቀን ያወጣል። የካቲት 2017 በዓለም ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ እቤቱ ጀንፈል የነበረውና በጥቅምት እሸቱን ሸጦ የጨረሰው ገበሬ እኩል ዕድል አልነበራቸውም። ዲላ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና መጋዘን ያለባት ከተማ ናት። ንግዱ ያለ መጋዘን እንደማይሄድ ከተማዋ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ለቤተሰብ ሲሆን ግን ይህ ይዘነጋል።

ጓሮውን በመፈናቀል ያጣ ቤተሰብም ችግሩ ያው ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ከ9 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሎ ነበር። ያኔ የተቃጠለን ቤት በወራት መልሶ መሥራት ይቻላል። የጠፋ እንሰት ግን በወራት አይተካም፤ ተመላሽ ቤተሰብ ጣሪያ ካገኘም በኋላ ለዓመታት ከገበያ እየገዛ ለመኖር ይገደዳል። መልሶ ማቋቋም በቆርቆሮ ብዛት ሲለካ ይህ ወጪ አይታይም።

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲነደፉ ስቱዲዮው ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45 ነበር። ለምግብ ማብሰያ፣ ለከብት ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ ቤት መታሰቡ የአኗኗራችንን ጠባይ ያገናዘበ ሐሳብ ነው። የቀለቡ ማስቀመጫ ግን ለነዋሪው ብልሃት ተተወ፤ በጀሪካንና በከሰል ማዳበሪያ የተሞሉትን በረንዳዎች ያየ ያውቀዋል። እንደ ዲላ ያሉ ከተሞች ይህን ጉድለት መድገም የለባቸውም።

ወደ ጠባብ ቤት መግባት ግድ ሲሆን ምን ይሸጥ፣ ምን ይቀመጥ? ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ሶፋና ቡፌው ነው፤ በርሜሉና ትልልቁ ጣሳ ይሰጣል። በእኔ እምነት ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚያሰኝ ውሳኔ ነው። 16 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ 2 ካሬ ሜትር የሚይዝ ሶፋ ከወር ኪራዩ ስምንተኛውን እጅ ለብቻው ይወስዳል። በዚያው ቦታ ሁለት በርሜል እህል ይቆማል፤ በርሜሉ ላይ ጣውላ ቢነጠፍ ደግሞ መቀመጫ ይሆናል። ለድግስ ተብለው የተቀመጡት ሳህኖች፣ ብረት ድስቶችና ወንበሮችም በጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ ሊያዝላቸው አይገባም። እድሩ ድንኳኑንም ድስቱንም አለው፤ አባል የምንሆነውም ለዚሁ ነው። የሚሸጠው ዕቃ ደግሞ ከመልቀቂያው ቀን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይሸጥ። ጋሪ በር ላይ ቆሞ የሚሸጥ ቁምሳጥን ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ማሳሰብ አለብኝ። እህልና ሰው በአንድ ክፍል ሲያድሩ፣ ነቀዝ ለማጥፋት እህል ውስጥ የሚጨመረው ክኒን ገዳይ ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ተኝቶ ያለ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። በምንም ዓይነት ሰው በሚያድርበት ቤት አይደረግ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ እህሉ በደንብ ደርቆ ገብቶበት አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልገውም። ዋጋው ከተራው ማዳበሪያ ቢበልጥም ተጠንቅቆ ለያዘው ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል።

ሌላው ጉዳይ ውሉ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለ ዐዋጁ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው በኪራይ ጭማሪው ላይ ያተኩራል። የውሉ ርዝመት ግን ለጓዳውም ትርጉም አለው። በሦስት ወር ውስጥ ልቀቅ ልባል እችላለሁ ብሎ የሚሰጋ ተከራይ በጥር ሁለት ኩንታል አያስገባም፤ ቦታ ቢኖረው እንኳ ዛሬ የሚገዛው ለዛሬ ነው።

ዲላ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ዩኒቨርሲቲውም አለ፤ ቤት ፈላጊው እየበዛ፣ በየግቢው የሚሠራው ሰርቪስም እየጨመረ ይሄዳል። አሥር ክፍል የሚሠራ ባለ ግቢ አሥራ አንደኛውን ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ያለው፣ ዝናብና አይጥ የማያስገባ፣ ተከራዮች በየድርሻቸው የሚቆልፉት ዕቃ ቤት ቢያደርገው፣ መጠነኛ ክፍያ ቢጠይቅበት እንኳ ከፋይ አያጣም። ማዘጋጃ ቤቱም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ስለ መጸዳጃ ቤቱ እንደሚጠይቀው ሁሉ ስለ ዕቃ ቤቱም ይጠይቅ። ቤት ለመቀየር የተነሣችሁ አንባብያን ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት፣ የክፍሉን ስፋት ብቻ ሳይሆን ሁለት ኩንታል እህልና አንድ ማዳበሪያ ከሰል የት እንደሚቀመጥ አከራዩን ጠይቁ፤ መልሱንም ውሉ ውስጥ አስገቡት።