ለግቢዎ ዋንዛን ያስቡት

ለግቢ የሚሆን ዛፍ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ቶሎ ያድጋል ወይ?» የሚል ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ይሆናል፤ ሀገር በቀሉ «ለልጅ ልጅ እንጂ ለተካዩ አይደርስም» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ፍርድ በወይራና በዝግባ ላይ ቢሰጥ እውነትነት አለው፤ በዋንዛ ላይ ግን ግፍ ነው። ዋንዛን ዘገምተኛ ካስባሉት ነገሮች አንዱ መለኪያችን ነው። ባሕር ዛፍ ጉልበቱን አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ወደ ላይ ለመስደድ ያውለዋል፤ ዋንዛ ቀደም ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣና ወደ ጎን ይሰፋል። ማገርና ወራጅ ለሚፈልግ ሰው ቁመቱ ይበልጥበታል፤ በግቢው ጥላ ለሚሻ ግን ዕድገት ማለት ይኸው ስፋት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ምክንያት ከብት ነው። የባሕር ዛፍን ቅጠል ከብት ስለማይወደው ችግኙ ያለ አጥር ይተርፋል። የዋንዛ ቅጠል ግን መኖ ነው፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ገበሬው ቆርጦ ለከብቱ የሚሰጠው ነው። አጥር የሌለው የዋንዛ ችግኝ ጫፉ በተቀነጠበ ቁጥር እንደገና ከታች ያቆጠቁጣል፤ ዓመታት አልፈውም ከጉልበት ሳያልፍ ሲታይ «ይሄ ዛፍ አያድግም» ይባላል። የተበላን ችግኝ ካልተበላ ጋር አስተያይቶ ስለ ዛፉ ተፈጥሮ መፍረድ እንዴት ይቻላል? በሐምሌ ተክሎ በመስከረም ፍየል የሚለቅበት ሰው ጥፋቱን ከዛፉ ሳይሆን ከራሱ ይፈልግ።

አጥር ካገኘ ግን ውለታው ብዙ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ ንብ የሚያንዣብብበት፣ ማር ከሚወደስባቸው አበቦች አንዱ ነው። ቢጫው ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ልጆች ይለቅሙታል። ቡና አብቃዮች ለጥላ ይመርጡታል፣ እንጨቱ ለበርና ለወንበር፣ ለከበሮም ይሆናል። ይህ ተፈላጊነቱ ነው ለጥፋት የዳረገው፤ የ1986ቱ የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ የከለከለውም ለዚህ ነው።

«ባሕር ዛፍ ግን ይሸጣል» የሚል ይኖራል። በእርሻው ዳር ሰፊ ቦታ ላለው ሰው እውነት ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ የአዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ ጭንቅ ያቃለለውም እሱ ነው። በግቢ ውስጥ የቆሙ አራት አምስት ባሕር ዛፎች ግን ገቢ ተብለው የሚቆጠሩ አይደሉም፤ ሥራቸው ደግሞ ከጎመኑና ከጌሾው ጋር ውኃ ይሻማል። ዋንዛ ቅጠል አርግፎ ግቢ ያቆሽሻል የሚለውም ቅሬታ አያሳምነኝም፤ ቅጠሉ ሰፊና ቶሎ የሚበሰብስ ስለሆነ ተጠርጎ ከመቃጠል ይልቅ በአትክልቱ ሥር ቢከመር ማዳበሪያ ነው።

የማይካድ ድክመቱ ብርድን አለመቻሉ ነው። ከ2,600 ሜትር በላይ፣ ውርጭ በሚወርድበት ደጋ፣ ዋንዛን ማስገደድ ችግኝ ማባከን ነው፤ እዚያ ኮሶ ወይም ጽድ ይተከል። ጠባብ ግቢም አይስማማውም፤ ዘውዱ በሁሉም አቅጣጫ በርካታ ሜትር ስለሚዘረጋ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቆ መቆም አለበት። ይህን ያህል ቦታ ለሌለው ኮክ ወይም ዘይቱን ይበቃዋል። ዋንዛው ሲተከል የችግኙ ፕላስቲክ ተቀዶ ይውጣ፤ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ተጠማዞ ከሆነ ጠምዛዛው ይቆረጥ፤ አጥሩም በዚያው ዕለት ይታጠር።