ጥሬ ዕቃ መሰብሰብ (የኦንላይን ጨዋታ)

ጥሬ ዕቃ መሰብሰብ በኦንላይን የሚና ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ እንጨት የሚቆርጥበት፣ ማዕድን የሚቆፍርበት፣ ዓሣ የሚያጠምድበት ወይም ዕፅ የሚለቅምበት የጨዋታው ክፍል ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ሰው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ በዚያው ዓለም ውስጥም ብዙ ሌሎች ተጫዋቾች በኢንተርኔት አብረውት ይገኛሉ። ከተሰበሰበው ዕቃ የጦር መሣሪያ፣ ልብስ፣ ምግብና መድኃኒት ይሠራል፤ የተረፈው በጨዋታው ገበያ ይሸጣል።

ሥራው ተደጋጋሚ ስለሆነ ቶሎ ያሰለቻል። ተጫዋቾች ድግግሞሹን «ግራይንድ» ይሉታል። ድግግሞሹ ሳይቀር ሥራው እንዴት ደስ ሊያሰኝ ይችላል የሚለው ከጨዋታ ንድፍ አስቸጋሪ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ጥያቄው ግን በኮምፒውተር አልተጀመረም። በኢትዮጵያ ገጠር አረምንና አጨዳን የመሰለ አድካሚ ሥራ በደቦ ሲሠራ ኖሯል። በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ልምድ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኡልቲማ ኦንላይን ማዕድን ቁፋሮን፣ እንጨት ቆረጣንና ዓሣ ማጥመድን ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች አድርጎ አቀረበ። ሠሪዎቹ ሣር የሚበሉ እንስሳትና እነርሱን የሚያድኑ አውሬዎች በራሳቸው ሚዛን የሚኖሩበት ዓለም አስበው ነበር። ሠሪዎቹ እንደገለጹት፣ ተጫዋቾቹ እንስሳቱን ከሚራቡበት ፍጥነት በላይ ስለጨረሷቸው ሥርዓቱ አልሠራም።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዙ ጃጌክስ ያሳተመው ረንስኬፕ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የአይስላንዱ ኢቭ ኦንላይን በ2003፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ በ2004 ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ መልክ የተጀመረው ፋይናል ፋንታሲ 14 ማዕድን ቆፋሪን፣ ዕፅ ለቃሚንና ዓሣ አጥማጅን እንደ ተዋጊዎቹ ሁሉ የራሳቸው ደረጃና መሣሪያ ያላቸው ሙያዎች አደረጋቸው።

የመሰልቸት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የሥራው ብዛት ነው። በረንስኬፕ አንድን ሙያ ደረጃ 99 ለማድረስ 13,034,431 የልምድ ነጥብ ያስፈልጋል። ነጥቡ በየደረጃው እየጨመረ ስለሚሄድ ደረጃ 92 ላይ የደረሰ ተጫዋች ገና የመንገዱ ግማሽ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ነጥብ የሚያገኘው ዛፉን ወይም ድንጋዩን በመጫንና በመጠበቅ ነው።

ሁለተኛው የውሳኔ ማነስ ነው። ተጫዋቹ ምንም ሳያስብ ሥራው የሚሄድ ከሆነ አእምሮው ሌላ ቦታ ይሄዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እንዳስረዳው ሰው በሥራ የሚመሰጠው የሥራው ክብደት ከችሎታው ጋር ሲመጣጠን ነው። በጣም ሲቀል ይሰለቻል፤ በጣም ሲከብድ ይጨነቃል።

ሦስተኛው ብቸኝነት ነው። ሪቻርድ ራያን፣ ስኮት ሪግቢና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የጨዋታን ደስታ ከሦስት ፍላጎቶች ጋር አያይዘውታል፦ በራስ ፈቃድ መሥራት፣ ችሎታ እንዳለ መሰማትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ብቻውን ለሰዓታት ድንጋይ የሚፈልጥ ገጸ ባሕርይ ሦስተኛውን አያገኝም።

ደቦና ወንፈል በምዕራብ ጎጃም

ምዕራብ ጎጃም በአማራ ክልል የሚገኝ ዞን ሲሆን ዋና ከተማው ፍኖተ ሰላም ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ቡሬም በዚሁ መንገድ ላይ ስትሆን ወደ ነቀምት የሚያመራው መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። አካባቢው ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴና በርበሬ ያመርታል።

ከእነዚህ ሰብሎች ብዙዎቹ የእጅ ሥራ ይፈልጋሉ። የጤፍ አረም ጎንበስ ተብሎ በእጅ ይነቀላል፤ አጨዳው በማጭድ ነው፤ የቀላው በርበሬ እየተለየ ይለቀምና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሥራው ጊዜ አይሰጥም። የደረሰ ጤፍ ሳይታጨድ ከቆየ ይረግፋል፤ ታጭዶ ዝናብ ከመታው ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ለብቻው ብዙ ቀን የሚፈጅበትን ማሳ ጎረቤት ተሰብስቦ ያነሣዋል።

ይህ ትብብር ሁለት ዋና መልኮች አሉት። በደቦ ባለቤቱ ሰው ጠርቶ ያሠራል፤ ለመጡትም እንጀራና ጠላ ያቀርባል። የጤፍ አጨዳ ኅዳር 15 ቀን በሚገባው የነቢያት ጾም ላይ ሲውል ወጡ የጾም ይሆናል፤ ግብዣው ግን አይቀርም። በወንፈል ሒሳቡ ጠበቅ ያለ ነው፤ አንዱ ለሌላው አንድ ቀን ከሠራ ያኛውም አንድ ቀን ይመልሳል። የታመመ ወይም ረዳት የሌለው ሰው ሲሆን ደግሞ ጎረቤት ድግስም ሆነ ብድር ሳይጠብቅ ሊያጭድለት ይችላል።

ደቦ የሥራውን ዓይነት አይለውጠውም። ማጭዱ ያው ማጭድ፣ ጉንበሳውም ያው ጉንበሳ ነው። የሚለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው፦

- ዜማ፦ አንዱ አውራጅ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የእጁ እንቅስቃሴ ከዜማው ጋር ስለሚሄድ ድግግሞሹ ምት ይሆናል።
- እውቅና፦ ፈጥኖ የሚያጭደው በግጥም ይወደሳል፤ ወደ ኋላ የቀረው በቀልድ ይነካል። ፉከራና ቀረርቶም ይሰማል።
- የሚታይ ውጤት፦ የታጨደው ከኋላ፣ ያልታጨደው ከፊት ስለሚታይ ምን ያህል እንደቀረ ማንም ሳይነግር ይታወቃል።
- መጨረሻ፦ ማሳው ሲያልቅ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራው ያበቃል፤ ቀጥሎ ማዕድ ነው።

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል መጫወትንም ማውጋትንም ይይዛል። በደቦ ላይ ሁለቱ አይለያዩም፤ ሥራውን የሚያቀለው ወሬው፣ ቀልዱና ዘፈኑ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረትም ይህንኑ ይላል።

ጨዋታዎች የተጠቀሙባቸው ዘዴዎች

የሌላ ሰው መምጣት

በደቦ ላይ ተጨማሪ ሰው ሲመጣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳልና። በቀደሙት የኦንላይን ጨዋታዎች ነገሩ ተቃራኒ ነበር። በመጀመሪያው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አንድን የማዕድን ጉብታ የሚወስደው ቀድሞ የደረሰ ነው። አንዱ ጉብታውን የሚጠብቀውን አውሬ ሲዋጋ ሌላው ከኋላው መጥቶ ማዕድኑን ይዞበት ሊሄድ ይችል ነበር። በዚህ ዓይነት ሕግ ሌላ ተጫዋች ማለት ተቀናቃኝ ነው።

ሕጉን በመለወጥ ብቻ ብዙ ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጊልድ ዋርስ 2 እያንዳንዱን የማዕድን ጉብታና ዛፍ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለየብቻ ስለሚቆጥር አንዱ መውሰዱ ሌላውን አይጎዳም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም እ.ኤ.አ. በ2016 ሌጅን በተባለው ማስፋፊያው ብዙ ተጫዋቾች አንዱን ጉብታ እንዲጋሩ አደረገ።

ኦልድ ስኩል ረንስኬፕ ከዚህም አልፏል። ቀድሞ ከአንድ ዛፍ ብዙ ሰው ሲቆርጥ ዛፉ ለሁሉም ቶሎ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ፎረስትሪ በተባለው ማሻሻያ የዛፉ መውደቅ በጊዜ ተወሰነ፤ አብረው የሚቆርጡ ሰዎችም እርስ በርሳቸው የቆረጣ ብቃታቸውን እስከ 10 ደረጃ ያሳድጋሉ። አልፎ አልፎም በአካባቢው ያሉት ሁሉ የሚሳተፉበት ድንገተኛ ክስተት ይነሣል። ጎረቤት መምጣቱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ሆነ ማለት ነው። በኢቭ ኦንላይን ደግሞ ማዕድን ቆፋሪዎች በቡድን ይወጣሉ፤ አንዱ መርከብ የሌሎቹን ቁፋሮ ያፋጥናል። ቁፋሮው ራሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰዓቱን የሚሞላው ወሬው ነው።

የጋራ ግብ

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2006 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የአንኪራጅን በር ለመክፈት የየሰርቨሩ ተጫዋቾች ብረት፣ ቆዳ፣ ዕፅ፣ የቁስል ማሰሪያና የበሰለ ምግብ በብዛት እንዲያዋጡ ጠየቀ። ዕቃው ከዚያ በፊትም የሚሰበሰብ ተራ ዕቃ ነበር። አሁን ግን የእያንዳንዱ ሰው አስተዋጽኦ በአንድ ድምር ላይ ተደምሮ በሩ ምን ያህል እንደቀረበ ያሳይ ነበር። ፋይናል ፋንታሲ 14ም እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የኢሽጋርድን ከተማ ክፍል ሰብሳቢዎችና እጅ ባለሙያዎች በጋራ እንዲገነቡት አድርጓል። ሁለቱም የማሳውን መልክ ይዘዋል፤ የሁሉም ሥራ በአንድ ቦታ ይታያል፣ ሲያልቅም ያልቃል።

ችሎታና ጉዞ

ሌላው መንገድ ሥራው ውሳኔ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። በፋይናል ፋንታሲ 14 ሰብሳቢው ባለው ውስን አቅም ብዛትን ወይም ጥራትን ይመርጣል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ድራጎንፍላይት ደግሞ በዘንዶ ጀርባ ፍጥነትን እየጠበቁ መብረር ስለተጨመረ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው መሄድ ራሱ ጨዋታ ሆነ። ለሰብሳቢ ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በጉዞ ስለሆነ ለውጡ ትልቅ ነው።

ያልታሰበ ሽልማት

በረንስኬፕ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው አንዳንዴ ድንገት የከበረ ድንጋይ ያገኛል። የባሕርይ ሳይንቲስቱ ቢ.ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ እንዳሳየው መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ድርጊትን በጣም አጥብቆ ያስደግማል። ዘዴው ርካሽና ኃይለኛ ነው። ነገር ግን የቁማር ማሽንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሰውን ሳያስደስተው ሊያስቀምጠው ይችላል።

ተተኪ ሠራተኛና ቦት

በወንፈል ቀን ያልተመቸው ሰው ልጁን ወይም ወንድሙን ሊልክ ይችላል። የተላከው ሰው ግን ሰው ነው፤ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ይታወቃል። በኦንላይን ጨዋታ ተተኪው ብዙ ጊዜ ቦት፣ ማለትም ያለ ሰው እጅ የሚሰበስብ ፕሮግራም ነው። ቦቶች ሲበዙ ገበያው በዕቃ ይጥለቀለቃል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ በእጁ የሚሰበስበው ተጫዋች ድካም ዋጋ ያጣል። ጃጌክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 ቦቶችን በጅምላ ለማስወገድ ሰፊ ዘመቻ አካሂዷል። አንድ ሥራ በብዙ ቦት መሠራቱ ራሱ ስለ ንድፉ ይናገራል፤ ፕሮግራም ያለ ችግር የሚሠራው ነገር ለሰው ብዙ የሚያስመርጥ ነገር የለውም።

መሰብሰብ ለአንዳንዶች ኑሮ የሆነበትም ጊዜ አለ። በቬኔዙዌላ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ብዙ ሰዎች በኦልድ ስኩል ረንስኬፕ ያገኙትን የጨዋታ ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ እየሸጡ ምግብ ገዝተውበታል። ሽያጩ በጨዋታው ደንብ የተከለከለ ነው። ከጎናቸው ለመዝናናት ለሚጫወተው ሰው ያው ቦታ የጨዋታ ሜዳ ነበር።

መጨረሻ የሌለው ሥራ

ደቦና የኦንላይን ጨዋታ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያያሉ። ማሳው ዳር አለው፣ ቀኑም ይመሻል፤ የጨዋታው ዛፍ ግን ተቆርጦ ከአፍታ በኋላ መልሶ ይቆማል። ሥራው አስደሳች በሆነ ቁጥር የሚያቆመው ነገር ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አካቶታል። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ኦንላይን የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደንግጋለች።

ማቆሚያን በንድፍ ውስጥ ማስገባትም ይቻላል። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሙከራ ወቅት ለረጅም ሰዓት የተጫወተ ሰው የሚያገኘው ነጥብ ይቀነስበት ስለነበር ተጫዋቾች ተቆጡ። ሠሪዎቹ ያንኑ ሐሳብ ገልብጠው ያረፈ ሰው ሲመለስ ተጨማሪ ነጥብ የሚያገኝበት አደረጉት፤ ቅሬታውም ቀረ። ለረጅም ሰዓት መጫወት መቀጣቱ ቀርቶ ዕረፍት የሚሸለም ሆነ።

ደቦም ዋጋ አለው። ድግሱ ወጪ ነው፤ ጠላ ለመጥመቅና እንጀራ ለመጋገር ለሚደክሙት ሴቶች ከማሳው ሥራ በፊት ሌላ ሥራ አለ። የተጠራ ሰውም ሲጠራ መሄድ ይጠበቅበታል፤ ያልሄደ በተራው ሰው ሊያጣ ይችላል። በጨዋታም የቡድን ግዴታ ሲበዛ ደስታው ወደ ሥራ ይመለሳል። ተጫዋቹ ሲመጣ የሚደሰቱበት፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ የማይቀጡት ጨዋታ ሁለቱንም ጥቅሞች ይይዛል። በደቦ ላይ ሰው በማግስቱ የሚመለሰው ወደ ራሱ ማሳ ነው፤ የጨዋታ ሠሪም ተጫዋቹ የራሱ ማሳ እንዳለው ማስታወስ ይኖርበታል።