ከአንቲረስት በፊት ያለው ሥራ

የግቢ በር በተሠራ በሁለት ክረምቱ ዝገት ሲያፈልቅ ስሙ የሚነሣው የቀለሙ ነው። «አንቲረስቱ» (ዝገት ተከላካዩ ቀለም) «አይረባም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከቀለሙ ሥር ነው። የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በንፋስ ስልክ ስም የሚጠራ የቀለም ፋብሪካ አለው፤ በጎፋ፣ በለቡና በጀሞ መንገዶች ዳርም የብየዳ ቤት ሞልቷል። ቀለምም በያጅም ቅርብ ነው፤ የሚጎድለው ብረቱን የማዘጋጀት ትዕግሥት ነው።

አዲስ ላሜራ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አይደለም። በጉዞና በመጋዘን እንዳይዝግ ከፋብሪካው ዘይት ተቀብቶ ይወጣል። አንግል ብረት ደግሞ በእሳት ግሎ ሲዳመጥ አየር ያገኘው ገጽ ሰማያዊ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ብዙዎች እንደ መከላከያ ያዩታል። ነገር ግን ይሰነጠቃል፤ እርጥበት በስንጥቁ ሲገባ ከቅርፊቱ ጎን የተጋለጠው ብረት ቅርፊት ጨርሶ ከሌለው ብረት ፈጥኖ ይበላል። የሽቦ ብሩሽ ይህን ቅርፊት ያብለጨልጨዋል እንጂ አያነሣውም፤ የግራይንደር ዲስክ ወይም በአሸዋ መንፋት ይፈልጋል።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ቅባቱ ይነሣል፣ ከዚያ ይፈገፈጋል። ሳይጠረግ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ዘይት በጭረቶቹ ውስጥ ይሰራጫል። ቲነር ወይም አኳራጅ የነካ ጨርቅ ይበቃል፤ ጨርቁ ግን ቶሎ ቶሎ ይቀየር፣ ሥራውም ከብየዳ እሳት ይራቅ። ከደረቀ በኋላ የውኃ ጠብታ ጣል ያድርጉበት፦ ድቡልቡል ብላ ከቆመች ዘይት አለ፤ ተዘርግታ ካረጠበችው ጸድቷል።

የብየዳውን መስመር ቀረብ ብለው ይዩት። የኤሌክትሮዱ ጥቁር ቅርፊት ካልተቀጠቀጠ፣ የተፈናጠሩት ጠብታዎች ካልተላጉ፣ ቀለሙ የሚይዘው እነሱን ነው፤ እነሱ ሲረግፉ አብሮ ይረግፋል። በሮቻችን መጀመሪያ በብየዳው መስመር የሚቀሉት ለዚህ ነው። ሹል ጠርዝም ቀለም ስለማይሸከም በሞረድ ይለዝብ፣ ቀድሞም ብቻውን ይቀባ።

አይኤስኦ 8501-1 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ በእጅና በሞተር መሣሪያ ለሚጸዳ ብረት ኤስቲ 2 እና ኤስቲ 3 የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። በኤስቲ 3 ገጹ የብረት ፍካት ሊኖረው ይገባል። ሠፈር ያለ ብየዳ ቤት በግራይንደር ይህን መድረስ ይችላል።

አቧራው ከተጠረገ በኋላ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካ፤ የላብ ጨው ዝገት ይጠራል። በዚያው ቀን ይቀባ፣ ማደር የለበትም። በክረምት እርጥበትም ሆነ በጥቅምትና በኅዳር የጧት ጤዛ አይቀባም፤ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ በታች፣ የብረቱም ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ቢያንስ በ3 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት።

አሮጌ በር ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የድሮ ቀለም ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ፤ ውኃ እያርከፈከፉ፣ ልጆችን አርቀው ይሥሩ።

በር ሲያዝዙ ለማጽዳቱ ሥራ ለብቻው ዋጋ ይነጋገሩ። አንቲረስቱ ከመቀባቱ በፊትም ሄደው ባዶውን ብረት ይዩት፤ ከተቀባ በኋላ የሚታይ ነገር የለም።