«ጭንቅላቱ ትምህርት አይቀበልም» ከማለታችን በፊት

ልጅ ማታ ያጠናው ጠዋት ሲጠፋው «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ትምህርት አይቀበልም» ማለት በየቤቱ የተለመደ ነው። የልጅ ልጄን የማባዛት ሰንጠረዥ ስለማስጠና ይህ አባባል ለእኔም እንግዳ አይደለም። የሳይንስ ሰዎች የደረሱበትን ሳነብ ግን አባባሉ ልጅን እንደሚበድል ተረዳሁ።

በአእምሯችን ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ሲናፕስ በሚባል እጅግ ጠባብ ክፍተት በኩል ነው። አንዱ ሕዋስ ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ይለቃል፤ በማዶው ሕዋስ ገጽ ላይ ያሉ «ተቀባይ» ፕሮቲኖች መልእክቱን ይቀበላሉ። ተቀባዮቹ ሲበዙ መልእክቱ ይጎላል፤ ሲያንሱ ይደክማል።

ታዲያ ተቀባዮቹ ባሉበት ተቸንክረው አይኖሩም። ብዙዎቹ በሕዋሱ ዋና አካል ተሠርተው፣ በጥቃቅን ከረጢቶች ተጭነው፣ እንደ ሐዲድ በተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ላይ ይጓዛሉ። ከፊሎቹ በሲናፕሱ አቅራቢያ ተጠባባቂ ሆነው ይቆያሉ። አንድ መስመር ደጋግሞ በኃይል ሲነቃቃ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ በዚህ ምልክት ተጠባባቂዎቹ ወደ ገጹ ወጥተው ሲናፕሱ ላይ ይሰፍራሉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ንቃቱ ደካማ ሲሆን፣ ተመልሰው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ቲሞቲ ብሊስና ቴርዬ ሎሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጥንቸል አእምሮ ውስጥ አንድ መስመር ደጋግሞ ሲነቃቃ ግንኙነቱ ለሰዓታት ተጠናክሮ እንደሚቆይ አሳይተዋል። የተቀባዮቹ ጉዞ የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ በአብዛኛው በእንስሳት ሕዋሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች ነው።

ለእኛ ለአሳዳጊዎች ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ ጊዜያዊ ነው። እንዲዘልቅ ሕዋሱ አዳዲስ ፕሮቲኖችን መሥራት አለበት፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። እንቅልፍም የተማሩት እንዲጸና ይረዳል። ስለዚህ በአንድ ማታ ሁለት ሰዓት ከማስጨነቅ፣ ያንኑ ጊዜ ለቀናት ከፋፍሎ ማስጠናት ይበልጣል። እኔና የልጅ ልጄ በየማታው ሃያ ደቂቃ ብቻ እንቀመጣለን። አዲሱን ከመጀመራችን በፊት የትናንቱን እጠይቀዋለሁ፤ በሰዓቱም ይተኛል።

«አይቀበልም» የተባለ ልጅ መሞከሩን ሊተው ይችላል። የማይሞክር ልጅ ደግሞ አይደጋግምም፤ ካልደጋገመም ያጠናው አይጸናለትም። ስለዚህ ጠዋት ሲጠፋው «ማታ እንደገና እናየዋለን» በሉት።