«ባዶ መስሎኝ ነበር»፣ «ራሱ ተኮሰ»፦ የሲሚኖቭ ባለቤት ቃልና የጠመንጃው አሠራር

ሳይታሰብ የተተኮሰ ጥይት ሰው ሲያቆስል ወይም ሲገድል ከመሣሪያው ባለቤት አንደበት ሁለት ቃሎች ደጋግመው ይሰማሉ፦ «ባዶ መስሎኝ ነበር» እና «ራሱ ተኮሰ»። ሰሚው ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እንደ ማምለጫ ይቆጥራቸዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱ ቃሎች በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ አሠራር ውስጥ ምን መሠረት እንዳላቸው፣ በየትኛው ሁኔታ እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉና በየትኛው እንደማይችሉ ለማሳየት እንሞክራለን። ለማሳያነት የመረጥነው በአገራችን ሲሚኖቭ እየተባለ የሚጠራውን ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃው ስሙን ያገኘው ከነዳፊው ከሰርጌይ ሲሞኖቭ ነው። የሶቭየት ጦር በይፋ የታጠቀው እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሆን፣ ክላሽንኮቭ ብዙም ሳይቆይ ከግንባር ተዋጊው እጅ አስለቅቆታል። ከዚያ በኋላ ድርሻው የዘብ፣ የሚሊሻና የሰላማዊ ባለቤት መሣሪያ መሆን ነበር። በቻይናና በዩጎዝላቪያም ተመርቷል። ባለ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ ይህም የክላሽንኮቭ ጥይት ነው። ከጠመንጃው የማይነጠለው ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፤ ክብደቱ 3.85 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ለጥበቃም ለአደንም የሚበቃ፣ ለሁሉም የሚሆን መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ላይ ባለች ቀዳዳ ወጥቶ ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑም የጥይት ማደሪያውን የሚዘጋውን ብረት (ከዚህ በኋላ መዝጊያ እንለዋለን) ከተሸካሚው ጋር ወደ ኋላ ያስፈነጥረዋል። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይወረውራል፣ መዶሻውንም ይወጥራል። ሞላው ወደ ፊት ሲመልሰው ደግሞ ቀጣዩን ጥይት ከካዝናው ገፍቶ ወደ ማደሪያው ያስገባል። ተኳሹ በእያንዳንዱ ጥይት ምላጩን መሳብ ብቻ ይጠበቅበታል፤ ከፊል አውቶማቲክ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ከውጅግራ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ውጅግራ ካዝና የለውም። አንድ ጥይት ተኩሶ ካበቃ፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ከፍቶ ሌላ እስኪያጎርሰው ድረስ ባዶ ነው። ምንሽር ካዝና ቢኖረውም አቀባባዩ የሰው እጅ ነው፤ ጥይት ወደ ማደሪያው መግባት አለመግባቱን እጅ ያውቀዋል። በሲሚኖቭ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካዝናው እስካላለቀ ድረስ ጠመንጃው ከተኮሰ በኋላ እንደገና ጎርሶ ይጠብቃል። ስለዚህ «ተኩሻለሁ፣ አሁን ባዶ ነው» የሚለው የቆየ ልማድ ለውጅግራ ትክክል ሲሆን ለሲሚኖቭ አደገኛ ስሕተት ይሆናል። በእኔ ግምት «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም፤ ከሌላ ጠመንጃ የተወረሰ ዕውቀት ነው።

የማውረጃው ሥርዓትም ራሱ ያሳስታል። የሲሚኖቭ ካዝና ከሥሩ ይከፈታል፤ ጥይቶቹ አንድ ላይ እጅ ላይ ይወርዳሉ። ባለቤቱ 10 ጥይት አጉርሶ አቀባብሎ ከነበረ የሚወርዱለት 9 ናቸው። አሥረኛው ማደሪያው ውስጥ ነው፤ ካልቆጠረ በቀር እጁን የሞላው የጥይት ክምር ጠመንጃው ባዶ እንደሆነ ያሳምነዋል። ካዝናው በተኩስ ሲያልቅ መዝጊያው ተከፍቶ ይቀራል፤ ይህ ግልጽ ምልክት ነው። መዝጊያው ተዘግቶ ከታየ ግን ስለ ውስጡ ምንም ማወቅ አይቻልም፤ መዝጊያውን ስቦ ማደሪያውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቃል «ራሱ ተኮሰ» የሚለው ነው። የጥይቱን ለኳሽ የሚወጋው መርፌ በመጀመሪያዎቹ የሶቭየት ሥሪቶች ላይ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ ነበረው። በኋላ ይህ ሞላ ቀርቶ መርፌው በመዝጊያው ውስጥ በነጻ የሚንሸራተት ሆነ። በመሆኑም መዝጊያው በተዘጋ ቁጥር መርፌው በራሱ ግፊት ወደ ፊት ሄዶ ለኳሹን በስሱ ሊነካ ይችላል። ለኳሹ ጠንካራ፣ መርፌው ነጻ እስከሆነ ድረስ ይህ ጉዳት የለውም። ነገር ግን መርፌው በደረቀ ግራሶ፣ በዝገት ወይም በአቧራና በዘይት ጭቅቅት ተይዞ ወደ ፊት እንደወጣ ከቀረ፣ መዝጊያው ሲዘጋ ጥይቱን ይተኩሰዋል። ጋዙም መዝጊያውን መልሶ ስለሚከፍተው፣ ማንም ምላጩን ሳይነካ ካዝናው እስኪያልቅ ሊቀጥል ይችላል። የመጠበቂያው መቆለፊያ የሚይዘው ምላጩን ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ አይረዳም። በአሜሪካ በግራሶ ተነክረው የተሸጡ ትርፍ ሲሚኖቮች ባለቤቶች ይህን ችግር በሚገባ ያውቁታል።

ለምርመራ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ ይህ ብልሽት የሚከሠተው መዝጊያው በሚዘጋበት ቅጽበት ብቻ ነው። «ሳቀባብለው ተኮሰ» የሚል ባለቤት ሊታመን የሚችል ነገር ተናግሯል፤ መዝጊያው ተዘግቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ በዚህ ምክንያት ሊተኩስ አይችልም፣ ሌላ ምክንያት ይፈለግለት። መፈተኛውም ቀላል ነው። መዝጊያው ከጠመንጃው ወጥቶ ሲነቀነቅ መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ድምፁ መሰማት አለበት። ካልተሰማ የባለቤቱ ቃል ማስረጃ አግኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጠመንጃው ሳይጸዳና ዘይት ሳይቀባ፣ እንደተያዘ ሊመረመር ይገባል።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዝን በፈቃድ ወስኗል። ፈቃዱ ግን ጠመንጃው እንዴት እንደሚወለወል ለባለቤቱ አይነግረውም፤ መርፌውን የሚያስይዘው ደግሞ አንዳንዴ የውልወላው ልማድ ራሱ ነው። በብዙ የቆዩ የሶቭየትና የቻይና ጥይቶች ለኳሽ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ሲነድ ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ፣ ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ይተዋል። ይህ ጨው እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝጋል፤ ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። ባለቤቱ ዝገት ባየ ቁጥር ዘይት ይጨምራል፤ ዘይቱ አቧራ ይይዛል፤ ጭቅቅቱም በመርፌው መንገድ ላይ ይጠራቀማል። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው። ከተኩስ በኋላ አፈሙዙ፣ ፒስተኑና የጋዝ ቧንቧው በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥበው በሚገባ ከደረቁ በኋላ ስስ ዘይት ይቀባሉ፤ የመርፌው መንገድ ግን ተጠርጎ ደረቅ ሆኖ ይተዋል።